የመኪና ሪሞት አልሠራ ሲል፦ ችግሩን መለየትና ራስን ችሎ ፕሮግራም ማድረግ

«ሪሞቴ በሩን አልከፍት አለኝ፤ ፕሮግራም ላስደርገው ወይስ አዲስ ልግዛ?» ይህ ጥያቄ ስለሚደጋገምብኝ መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ፕሮግራም ማድረግ ማለት መኪናው ሪሞቱን እንዲያውቀው መመዝገብ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የቱ ክፍል እንደተበላሸ መለየት ነው። እሱን ሳትለዩ ቁልፍ ሠሪ ጋ ከሄዳችሁ ባትሪው ብቻ ላለቀ ሪሞት የፕሮግራም ዋጋ ልትከፍሉ ትችላላችሁ።

መመሪያው በዋናነት የብረት ቁልፍ ሰክታችሁ ለምታስነሷቸው ቶዮታዎች ነው። የፕሮግራሙ ደረጃዎች በፈረንጆች ከ2003 እስከ 2008 ለአሜሪካ ገበያ የተሠራውን ኮሮላ የሚመለከቱ ናቸው። የዚያ ዘመን ሌሎች ብዙ ቶዮታዎችም ተቀራራቢ አካሄድ አላቸው። መኪናችሁ በተን ተጭናችሁ የምታስነሱት ከሆነ ግን ፕሮግራሙ ባለሙያ በማሽን የሚሠራው ነው። ለእናንተ የሚሆነውን ወደ ታች ጽፌዋለሁ።

መጀመሪያ ይህን እወቁ፦ ብዙ ጊዜ ቁልፉ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ

አንዱ ሪሞቱ ነው። ባትሪ አለው፣ በተን አለው፣ ሥራው በር መክፈትና መቆለፍ ብቻ ነው።

ሌላው ቺፑ ነው። የቁልፉ ፕላስቲክ ውስጥ የተቀበረ ትንሽ ነገር ነው፤ ባትሪ የለውም። ቁልፉን ስትሰኩ ማስነሻው ዙሪያ ካለው የሽቦ ቀለበት ኃይል ያገኝና ማንነቱን ለመኪናው ይናገራል። መኪናው ካላወቀው ሞተሩ አይነሳም።

ስለዚህ በሩ በሪሞት አልከፈት ብሎ ሞተሩ በደንብ ከተነሳ ቺፑ ጤነኛ ነው፤ ችግራችሁ ሪሞቱ ላይ ወይም የመኪናው ተቀባይ (የሪሞቱን ሞገድ የሚሰማው ክፍል) ላይ ነው። በሩ በሪሞት እየተከፈተ ሞተሩ ካልተነሳና ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የሴኪዩሪቲ መብራት ቁልፉ ተሰክቶም ብልጭ ድርግም ማለቷን ካላቆመች ደግሞ የቺፕ ጉዳይ ነው። ያኔ ከዚህ በታች ያሉት የፕሮግራም ደረጃዎች አይረዷችሁም። ቺፕ በማሽን ነው የሚመዘገበው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- አዲስ ባትሪ። ቁጥሩን አሮጌው ባትሪ ጀርባ ላይ አንብቡ፤ ሲአር 2016፣ ሲአር 1616 ወይም ሲአር 2032 ሊሆን ይችላል።
- ትንሽ ጠፍጣፋ ካቻቢቴና ትንሽ የመስቀል ካቻቢቴ
- ንጹሕ ጨርቅ ወይም ጥጥ፣ ትንሽ አልኮል
- ካላችሁ ቴስተር (የቮልት መለኪያ)
- ያሏችሁ ቁልፎችና ሪሞቶች በሙሉ
- ሰዓት የሚቆጥር ስልክ ወይም አጠገባችሁ ቆሞ የሚቆጥርላችሁ ሰው

ስለ ባትሪው ቁጥር አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ስፋቱን በሚሊሜትር ይነግሯችኋል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ውፍረቱን። 2016 ስፋቱ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 1.6 ነው። 2032 ስፋቱ ያው ሆኖ ውፍረቱ 3.2 ነው። ሁሉም 3 ቮልት ስለሆኑ ሱቅ ላይ «ያው ነው» ሊሏችሁ ይችላሉ። ያው አይደለም። ቀጭኑን በወፍራሙ ቦታ ብታስገቡት ከታች ያለውን ብረት አይነካውም፣ ወይም አንዴ ነክቶ አንዴ ይለቃል። ወፍራሙን በግድ ብትከቱት ደግሞ ብረቱን ያጣምመዋል።

ፕሮግራም ከማድረጋችሁ በፊት አጣሩ

1. ሁለተኛ ሪሞት ካላችሁ ሞክሩት። ይህ ከሁሉም ይቀድማል፣ ምክንያቱም ግማሹን ጥያቄ በአንድ ጊዜ ይመልሳል። ሁለተኛው ከሠራ መኪናው ደህና ነው። ሁለቱም በአንድ ቀን ሥራ ካቆሙ ሁለት ሪሞት በአንዴ መሞቱ የማይመስል ነገር ስለሆነ ወደ መኪናው ዙሩ።

2. ቦታ ቀይራችሁ ሞክሩ። የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ማሰራጫ ማማ አጠገብ ወይም አየር ማረፊያ አካባቢ ሪሞት ሊደክም ይችላል። ሪሞቱ ቤት እየሠራ ቦሌ ኤርፖርት ፓርኪንግ ላይ ካስቸገራችሁ አትንኩት።

3. ባትሪውን ቀይሩ። አንዳንዱ ቁልፍ ላይ ትንሽ ብሎን አለች፤ ሌላው ጠርዙ ላይ ካቻቢቴ የሚገባበት ስንጥቅ አለው። ሳትቸኩሉ ክፈቱት፣ አሮጌው ባትሪ የትኛው ፊቱ ወደ ላይ እንደነበረ አይታችሁ ወይም ፎቶ አንስታችሁ አውጡ። አዲሱን ጠርዙን ይዛችሁ አስገቡ፤ የጣት ላብና ቅባት ፊቱ ላይ ሲቀር ንክኪውን ያደክመዋል። ቴስተር ካላችሁ ለኩት። አዲስ ባትሪ 3 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው ማሳየት ያለበት። ከዚያ በታች ካነበበ መደርደሪያ ላይ ያረጀ ነው፣ መልሱት።

4. የሪሞቱን የውስጥ ቦርድ ተመልከቱ። ባትሪውን የሚነካው ቀጭን ብረት ከተኛ በካቻቢቴ ጫፍ በትንሹ ቀና አድርጉት። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለ በአልኮል ጥረጉት። ከዚያ የበተኖቹን ጎማ አንስታችሁ ቦርዱ ላይ ያሉትን ትናንሽ ማብሪያዎች በቀጥታ ተጫኗቸው። እያንዳንዱ «ቀጭ» ማለት አለበት። አንዱ ዝም ካለ ወይም ሲነካ ከተወዛወዘ ብየዳው ለቋል ማለት ነው። ብዙ ሰው ሪሞቱን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው፤ አትጣሉት። ሞባይል የሚጠግን ባለሙያ ያንን ማብሪያ ነቅሎ በሌላ ሊተካላችሁ ይችላል።

5. ሪሞቱ ላይ ያለችውን ትንሿን መብራት እዩ። ስትጫኑ ካልበራች ወይ ባትሪ ነው ወይ ማብሪያ። ከበራች ግን ሪሞቱ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ መብራቷ እየበራች ሞገዱ ላይወጣ ይችላል። የቴሌቪዥን ሪሞት በስልክ ካሜራ እንደሚፈተነው የመኪናውንም ካሜራ ፊት ይዘው የሚሞክሩ አሉ። አይሠራም። የመኪናው በሬዲዮ ሞገድ ነው የሚናገረው፤ ካሜራ የሚያየው ብርሃን ነው።

6. ሁለቱም ሪሞቶች ካልሠሩ ፊውዝ ፈትሹ። የውስጥ መብራቱም አብሮ ጠፍቷል? እንግዲያው የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ «ዶም» ተብሎ የተጻፈውን ፈልጉ። በብዙ ቶዮታዎች የሪሞቱ ተቀባይና የውስጥ መብራቱ ኃይል የሚያገኙት ከእሱ ነው። ከተቃጠለ በዚያው አምፔር ተኩት። ከፍ ያለ አምፔር አታስገቡ፤ ፊውዙ ቀርቶ ሽቦው ነው የሚቃጠለው።

7. ሴንትራል ሎኩን (በሮቹን ሁሉ በአንዴ የሚቆልፈውን) በበሩ ላይ ካለው ማብሪያ ሞክሩ። ከዚያም ካልሠራ ችግሩ የበሩ ሞተር ወይም ሽቦ ነው። ሪሞት ብትቀያይሩ ለውጥ የለውም።

ይህን ሁሉ አልፋችሁ አሁንም ካልሠራ ወይም አዲስ ሪሞት ገዝታችሁ ከሆነ ወደ ፕሮግራሙ እንሂድ።

ሁለት ነገር ፈትኑ፣ አለበለዚያ መኪናው አይሰማችሁም

ይህን ብዙዎቹ መመሪያዎች ይዘሉታል፤ ሰው ግን የሚጣበቀው እዚህ ነው። መኪናው ፕሮግራም ልታደርጉ መሆኑን የሚያውቀው ቁልፍ ሲገባና ሲወጣ፣ በር ሲከፈትና ሲዘጋ እየቆጠረ ነው። ስለዚህ እነዚያን የሚቆጥሩለት ሁለት ማብሪያዎች መሥራት አለባቸው።

የውስጥ መብራቱን «በር» የሚለው ቦታ ላይ አድርጉና የሾፌሩን በር ክፈቱ። መብራቱ ካልበራ የበሩ ማብሪያ ተበላሽቷል፣ ወይም አምፖሉ ነው። ቀጥሎ በሩ ክፍት እንደሆነ ቁልፉን ሳታዞሩ ሰኩት። ቁልፍ እንደረሳችሁ የሚያስታውሰው ድምፅ መሰማት አለበት። ካልተሰማ ቁልፍ መግባቱን የሚያውቀው ማብሪያ አይሠራም ማለት ነው። ሁለቱ ሳይስተካከሉ ደረጃዎቹን መቶ ጊዜ ብትደግሙ መኪናው ዝም ነው የሚላችሁ።

ፕሮግራም የማድረጊያ ደረጃዎች

ሾፌር ወንበር ላይ ተቀመጡ። የሾፌሩ በር ክፍት፣ ሌሎቹ በሮች ዝግ ይሁኑ፤ ሁሉም ግን ያልተቆለፉ። የሾፌሩን መስኮት እስከ ታች አውርዱት። በመሃል በሮቹ ራሳቸው ስለሚቆለፉ ወርዳችሁ ቁልፉ ውስጥ ቢቀር መግቢያ ይኖራችኋል። ቁልፉ ማስነሻው ላይ አይኑር፤ ሪሞቶቹ ጭናችሁ ላይ ይሁኑ። ደረጃዎቹን ከመጀመራችሁ በፊት ሁለቴ አንብቧቸው፤ መሃል ላይ ቆማችሁ የምታነቡበት ጊዜ የለም።

1. ቁልፉን ሰኩ፣ ንቀሉ። እንደገና ሰኩ፣ ንቀሉ። ሁለቱም በ5 ሰከንድ ውስጥ ያልቁ። አታዙሩት። ካዞራችሁት መኪናው ልታስነሱት እንደሆነ ይቆጥረውና ሂደቱ ይሰረዛል።

2. በ40 ሰከንድ ውስጥ የሾፌሩን በር ሁለት ጊዜ ዝጉና ክፈቱ። መጨረሻ ላይ በሩ ክፍት መሆን አለበት። በደንብ ይዘጋ፤ ገርበብ ካለ ማብሪያው አይቆጥረውም።

3. ቁልፉን አንድ ጊዜ ሰክታችሁ ንቀሉ።

4. አሁንም በ40 ሰከንድ ውስጥ በሩን ሁለት ጊዜ ዝጉና ክፈቱ። ይህ ሁሉ መደጋገም ያለው ማንም በአጋጣሚ እንዳይገባበት ነው።

5. ቁልፉን ሰኩና በሩን ዝጉ።

6. ቁልፉን «ሎክ» ከሚለው ወደ «ኦን» አዙራችሁ ወደ «ሎክ» መልሱት። ፍጥነቱ በሰከንድ አንዴ ያህል ይሁን። ሞተሩን አታስነሱ። እዚህ ላይ የምታዞሩበት ቁጥር ራሱ ትእዛዝ ነው፦
   - አንድ ጊዜ፦ ያሉት ሪሞቶች እንዳሉ ሆነው አዲስ ይጨመር
   - ሁለት ጊዜ፦ የድሮዎቹ ሁሉ ይጥፉና አዲስ ይጻፍ
   - ሦስት ጊዜ፦ ስንት ሪሞት እንደተመዘገበ ይነገረኝ

7. ቁልፉን ንቀሉ። በ3 ሰከንድ ውስጥ በሮቹ ራሳቸው ተቆልፈው መከፈት አለባቸው። አንድ ጊዜ ካደረጉ «መጨመር» ውስጥ ናችሁ። ሁለት ጊዜ ካደረጉ «አጥፍቶ መጻፍ» ውስጥ ናችሁ። ዝም ካሉ አልገባችሁም፤ ከ1 ጀምሩ። ለመጨመር ፈልጋችሁ ሁለት ጊዜ ከሰማችሁ ግን ምንም ሳትጫኑ በሩን ከፍታችሁ ውጡና ከ1 ጀምሩ። ከጨረሳችሁም በኋላ የድሮውን ሪሞት ሞክሩት።

8. ሪሞቱን አንሱ። የመቆለፊያውንና የመክፈቻውን በተን አንድ ላይ ከ1 እስከ 1.5 ሰከንድ ተጫኑ። ልቀቁ። ወዲያው፣ 3 ሰከንድ ሳይሞላ፣ መቆለፊያውን ብቻ ከ1 ሰከንድ በላይ ተጫኑ። የመጀመሪያው ሪሞቱ ኮዱን እንዲልክ ነው፤ ሁለተኛው «አዎ፣ ይኸው ነው» ማለት ነው።

9. በሮቹ አንድ ጊዜ ተቆልፈው ከተከፈቱ ተመዝግቧል። ሁለት ጊዜ ካደረጉ አልተቀበለውም፤ 8ኛውን ድገሙ።

10. ሌላ ሪሞት ካላችሁ በ40 ሰከንድ ውስጥ በእሱም 8ኛውን ሥሩ። መኪናው የሚይዘው እስከ 4 ነው። አምስተኛ ስትጨምሩ መጀመሪያ የገባው ይወጣል።

11. ሲያልቅ የሾፌሩን በር ክፈቱ። ሂደቱ በዚያ ይዘጋል።

ከመኪናው ወርዳችሁ፣ ቁልፉን በእጃችሁ ይዛችሁ፣ በሮቹን ሁሉ ዘግታችሁ ሞክሩ። ቁልፉ ማስነሻው ላይ ከተሰካ ሪሞቱ አይሠራም፤ ውስጥ ተቀምጠው «እምቢ አለ» የሚሉ ብዙ ናቸው።

ማስጠንቀቂያ

ያገለገለ መኪና ከገዛችሁ «አጥፍቶ መጻፍ»ን ተጠቀሙ፤ የቀድሞው ባለቤት እጅ የቀረ ሪሞት ካለ ሥራ ያቆማል። ግን ልብ በሉ፦ ይህ የሚያጠፋው ሪሞቱን ብቻ ነው። የእሱ የብረት ቁልፍ አሁንም በሩን ይከፍታል፣ ቺፑም ሞተሩን ያስነሳል። ቺፑን ለማሰረዝ በማሽን የሚሠራ ባለሙያ ጋ መሄድ አለባችሁ። መኪና የገዛ ሰው ሁሉ ይህን ቢያደርግ ደስ ይለኛል።

«አጥፍቶ መጻፍ» ስታደርጉ ቤት የተቀመጠውም ሪሞት ይጠፋል። ሁሉንም ሰብስባችሁ ጀምሩ።

የወጣውን ባትሪ መሬት ላይም ወንበር ላይም አትተዉ። ሕፃን ልጅ ከዋጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። የዋጠ ከመሰላችሁ ጠብቀን እንይ አትበሉ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ውሰዱት።

ሪሞቱ ከልብስ ጋር ከታጠበ ወዲያው ባትሪውን አውጡ። ይሠራ እንደሆን ብላችሁ አትጫኑት። ቦርዱን በአልኮል ጥረጉና በደንብ እስኪደርቅ ተዉት። የሚያበላሸው ውኃው ብቻ አይደለም፤ ውኃ እያለበት የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው።

ሰው ደጋግሞ የሚሳሳተው

ፕላስቲኩን ሲቀይሩ ቺፑን መጣል። መርካቶ ሄዳችሁ ባዶ የቁልፍ ሽፋን ትገዛላችሁ፣ ቦርዱን ታዛውራላችሁ፣ አሮጌውን ትጥላላችሁ። ሪሞቱ ይሠራል፣ ሞተሩ ግን አልነሳ ይላል። ቺፑ አሮጌው ፕላስቲክ ውስጥ ተጣብቆ ቀርቷል። ብዙ ጊዜ ጥቁር፣ ጠርዙ የሰላ፣ ከጥፍር የምታንስ ነገር ናት፤ ቦርዱ ላይ አይደለችም። አሮጌውን ሽፋን አዲሱ ሞተሩን እስኪያስነሳላችሁ አትጣሉት።

የሞገዱ ቁጥር የማይገጥም ሪሞት መግዛት። ለአሜሪካ የተሠሩ ቶዮታዎች ሪሞት በአብዛኛው 315 ሜጋኸርዝ ነው፤ የአውሮፓው 433.92 ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከተለያየ ገበያ የመጣ መኪና አለ፤ ሁለት አንድ ዓይነት ኮሮላ ጎን ለጎን ቆመው የአንዱ ሪሞት ለሌላው ላይሆን ይችላል። የማይገጥም ከሆነ የቱንም ያህል ብትደግሙት አይመዘገብም። ልትገዙ ስትሄዱ አሮጌውን ሪሞት ይዛችሁ ሂዱ፣ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አስተያዩ። የአሜሪካ ከሆነ «ኤፍሲሲ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው መለያ ከአዲሱ ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት።

መቸኮልና መዘግየት። 1ኛው ደረጃ ላይ ከ5 ሰከንድ ማለፍ፣ 6ኛው ላይ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ማዞር። ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ፤ ይረዳል።

ሌላ በር ክፍት መተው። የኋላው በር በትንሹ ቢከፈት ሂደቱ አይሄድም። ዳሽቦርዱ ላይ የበር ምልክት እንደማይበራ አረጋግጡ።

ስለ ባትሪ መነቀልም ይጠይቁኛል። የመኪናውም ሆነ የሪሞቱ ባትሪ መውጣቱ ብቻውን በአብዛኛው ምዝገባውን አያጠፋም። ባትሪ ከተቀየረ በኋላ ካልሠራ መጀመሪያ የባትሪውን ፊት እዩ፤ ተገልብጦ ገብቶ ይሆናል።

ሪሞቱ የመኪናው ካልሆነስ?

እዚህ የሚነዱ ብዙ መኪናዎች በኋላ የተገጠመ አላርም አላቸው። ሪሞቱ ላይ የመኪናው ምልክት ከሌለ፣ ሲቆለፍ የተለየ ጩኸት ካሰማ፣ ውስጡም 12 ቮልት የሆነ ቀጭን ሲሊንደር ባትሪ፣ 23 ኤ ወይም 27 ኤ የሚባለው፣ ካለው አላርም ነው። ከላይ ያሉት ደረጃዎች አይሠሩለትም። አላርሙ ከዳሽቦርዱ ሥር የተደበቀ የራሱ ማብሪያ ሊኖረው ይችላል፤ አካሄዱ እንደየሥሪቱ ይለያያል፣ ስለዚህ የገጠመላችሁን ሰው ጠይቁ።

የድሮ ኒሳን ለምትነዱ

ቁልፍ በሚሰካባቸው ብዙ ኒሳኖች ላይ አጭር ነው። ውስጥ ገብታችሁ በሮቹን ሁሉ ዘግታችሁ ቆልፉ። ቁልፉን በ10 ሰከንድ ውስጥ 6 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሰክታችሁ ንቀሉ። ፍሬቻዎቹ ብልጭ ሲሉ ቁልፉን ሰክታችሁ ወደ «ኤሲሲ» አዙሩና ሪሞቱን አንዴ ተጫኑ። እንደገና ብልጭ ካሉ ተመዝግቧል። ፍሬቻው ካልበራ የቆጠራችሁት ጎድሏል ወይም ቁልፉ እስከ መጨረሻው አልወጣም።

በበተን የሚነሳ መኪና ያላችሁ

ባትሪው አልቆ መንገድ ላይ ከቀራችሁ አትደንግጡ። ቁልፉ ውስጥ የተደበቀ የብረት ምላስ አለ፤ ትንሿን መንሸራተቻ ገፍታችሁ ሳቡት። የሾፌሩ በር እጀታ አጠገብ ቀዳዳ ካልታያችሁ የፕላስቲክ ክዳን ሸፍኖት ይሆናል። ከገባችሁ በኋላ ፍሬን ረግጣችሁ፣ የቶዮታ ከሆነ ምልክቱ ያለበትን የቁልፉን ፊት ማስነሻ በተኑ ላይ አስነኩት፣ ድምፅ ስትሰሙ በተኑን ተጫኑ። ይነሳል፣ ምክንያቱም ቺፑ ባትሪ አያስፈልገውም። ቁልፉ አጠገባችሁ እያለ መኪናው ካላወቀው ደግሞ ቁልፉን ከስልክና ከቻርጀር አርቁት።

ያገለገለ ስማርት ቁልፍ (በበተን የሚነሳ መኪና ቁልፍ) ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት። አንድ ጊዜ ለሌላ ቶዮታ የተመዘገበ ቁልፍ ባለሙያ ከፍቶ እንደ አዲስ ካላደረገው በተለምዶ ሌላ መኪና አይቀበልም።

ባለሙያ ጋ የምትሄዱ ከሆነ ሊብሬውንና ያሏችሁን ቁልፎች በሙሉ ያዙ። የሚሠራ አንድ ቁልፍ እያለ ሌላ መጨመር ቀላል ነው። ሁሉም ከጠፉ በኋላ ግን የመኪናውን ኮምፒውተር እስከ መፍታት ሊደርስ ስለሚችል ዋጋውም ጊዜውም ይጨምራል። አንድ ቁልፍ ብቻ የቀራችሁ ሰዎች መለዋወጫውን አሁን አስቀርጹ።